በጥርሱ የሚኖረው የታዝማኒያ ዴቭል

በ1996 በታዝማኒያ ደሴት ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ማውንት ዊሊያም በተባለው ብሔራዊ ፓርክ፣ ፊታቸው በእጢ የተበላሸ ጥቂት የዱር እንስሳት በፎቶግራፍ ተነሡ። እጢው የአንዳንዶቹን ዓይን ሸፍኗል፤ የሌሎቹን ከንፈርና ድድ በልቶታል። በጊዜው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን በሽታው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየገፋ ደሴቲቱን ከሞላ ጎደል አዳረሳት። በቆየባቸው አካባቢዎች ከአሥር እንስሳ ስምንቱን፣ በአንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ ፈጀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ካንሰር ነው። ካንሰር ከታማሚ ወደ አስታማሚ እንደማይተላለፍ ሁላችንም እናውቃለን። ይህኛው ግን ይተላለፋል። አንዱ ሌላውን ሲነክስ ሕያው የካንሰር ህዋሳት ከአፍ ወደ ቁስል፣ ከቁስል ወደ አፍ ይሻገራሉ። ታማሚው የታዝማኒያ ዴቭል ይባላል፤ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት ሥጋ በል ባለኪስ አጥቢዎች ትልቁ ነው። ካንሰር እንዴት ተላላፊ ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት መጀመሪያ የእንስሳውን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚጣመር፣ ከወገኖቹ ጋር እንዴት እንደሚከራከር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥርሱ አለ።

ታዝማኒያ ከአውስትራሊያ ዋና ምድር በስተደቡብ፣ ከባስ ወሽመጥ ማዶ የምትገኝ ተራራማና ዝናባማ ደሴት ናት። በበረዶ ዘመን የባሕሩ ወለል ዝቅ ብሎ ስለነበር ከዋናው ምድር ጋር በየብስ ትገናኝ ነበር፤ ዴቭሎችም በሁለቱም በኩል ይኖሩ ነበር። ቅሪተ አካላቸው በዋናው አውስትራሊያ በብዙ ቦታ ተገኝቷል። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ከፍ ሲል፣ ከ10 ሺህ ዓመት በፊት አካባቢ፣ ታዝማኒያ ተነጥላ ቀረች። መነጠሏም ጠቀማት። በዋናው ምድር ዴቭል ከዛሬ 3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል። ለመጥፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ መምጣት፣ የአየር ጠባይ መለዋወጥና የሰው ቁጥር መጨመር ይገኙበታል። ዲንጎ ባሕሩን ተሻግሮ ታዝማኒያ አልደረሰም።

ዴቭል ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጸጉሩ ጥቁር ነው። ብዙዎቹ ደረታቸው ላይ ወይም ከታፋቸው በላይ ነጭ ጥለት አላቸው። ወንዱ ከ8 እስከ 12 ኪሎ፣ ሴቷ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ትመዝናለች። ለሰውነቱ የማይመጥን ትልቅ ራስ ተሸክሟል፤ ራሱን ያተለቀው አንጎሉ ሳይሆን መንጋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ሲሄድ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። ጭራው የስብ ጎተራው ነው። በደንብ የበላና ጤነኛ የሆነው ጭራው ወፍራም ነው፤ የታመመውና የተራበው ጭራው ይከሳል። ሲቆጣ ጆሮዎቹ ደም ሞልቷቸው ይቀላሉ። በዱር ዕድሜው ከ5 ወይም ከ6 ዓመት እምብዛም አያልፍም።

በአፍሪካ ምድር አንድም ባለኪስ አጥቢ በዱር አይኖርም። ስለዚህ ስለ አወላለዳቸው ትንሽ ማለት ተገቢ ነው። ላም፣ ውሻ፣ ሰውም ፅንሳቸውን በእንግዴ ልጅ አማካይነት በማህፀን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይመግባሉ። ባለኪሶቹ ግን ፅንሱን ገና ጥሬ ሳለ ያስወጡትና ቀሪውን የእድገት ዘመን በጡት ያሟሉታል። ካንጋሮ የዚህ ወገን ነው፤ እሱ ግን ሣር በል ነው። ዴቭል የሚመደበው ዳሲዩሪድ በሚባለው የሥጋ በሎች ቤተሰብ ውስጥ ሲሆን፣ ነጠብጣባሞቹ ኳሎችና አይጥ የሚያካክሉ ነፍሳት በሎች ዘመዶቹ ናቸው።

የዴቭል እርግዝና የሚቆየው 21 ቀን ብቻ ነው። እናቲቱ በአንድ ወሊድ ከ20 እስከ 30፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ግልገሎች ትጥላለች። እያንዳንዱ የሩዝ ፍሬ ያክላል፤ ክብደቱ 0.2 ግራም ገደማ ነው። ዓይን የለውም፣ ጸጉር የለውም፣ የኋላ እግሮቹ ገና በወጉ አልተሠሩም። የተሠሩለት የፊት ክንዶቹና አፉ ናቸው። በእነዚያ ክንዶች የእናቱን ጸጉር እየቧጠጠ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ተጉዞ ወደ ኪሷ ይገባል። በዚያ የሚጠብቁት አራት ጡቶች ብቻ ናቸው። ቀድሞ የደረሰው ጡቱን ይጎርሳል፤ ጫፉ አፉ ውስጥ ስለሚያብጥ ግልገሉ ተጣብቆ ይቀራል። ከአራቱ በኋላ ለደረሰ ቦታ የለም። ከሠላሳ ግልገል ሃያ ስድስቱ የሚሞቱት በተወለዱ በዕለቱ ነው ማለት ነው። ስለ ዴቭል ከማውቀው ሁሉ ይህን ያህል ያስደነቀኝ የለም። የዚህ እንስሳ የመጀመሪያው የሕይወት ትግል ከጠላት ጋር ሳይሆን ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ነው፤ የሚያሸንፈውም ነክሶ የማይለቀው ነው።

የእናቲቱ ኪስ የሚከፈተው ወደ ኋላ ነው። አፈር ስትቆፍር ኪሷ በአቧራ እንዳይሞላ ይህ ይጠቅማታል። ግልገሎቹ ከመቶ ቀን ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ኪሱን ሞልተው ይወጣሉ። ከዚያ እናቲቱ በጉድጓድ ውስጥ በሣርና በቅጠል በተነጠፈ ጎጆ ትታቸው ለአደን ትወጣለች። ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ ዎምባት የተባለው ባለኪስ ቆፍሮ የተወው ነው። በ10 ወራቸው ገደማ ጡት ይጥሉና ለየራሳቸው ይሄዳሉ። ወጣት ዴቭሎች ዛፍ ላይ ጎበዝ ወጪዎች ናቸው፤ እያደጉ ሲሄዱና ሲከብዱ ይህን ችሎታ ያጣሉ።

ስለ ወተቷም አንድ ነገር አለ። ኪሱ ንጹሕ ስፍራ አይደለም፤ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ግልገሉ ደግሞ የራሱ የበሽታ መከላከያ ገና አልተገነባለትም። በ2016 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዴቭል ሰውነት፣ በወተቷም ጭምር፣ ካቴሊሲዲን የሚባሉ ስድስት የበሽታ መከላከያ ንጥረ ነገሮችን መለየታቸውን አስታወቁ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ፣ ብዙ መድኃኒት የተላመዱትንና ሆስፒታሎችን የሚያስጨንቁትን ባክቴሪያዎች ሳይቀር በቤተ ሙከራ ገድለዋል።

አሁን ወደ ማዕዱ እንሂድ። ዴቭል የሌሊት እንስሳ ነው። ቀን በጉድጓድ ወይም በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ይወጣል። አፍንጫውን እየተከተለ በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዋላቢ፣ ፖሰም፣ ዎምባት፣ ወፍ፣ ነፍሳት፣ የሞተ በግ፣ ያገኘውን ይበላል። ያድናል፤ ይሁን እንጂ ጥንብ ካገኘ ጉልበቱን በከንቱ አያባክንም። ከሰውነት ክብደት አንጻር ሲሰላ የንክሻው ኃይል በሕይወት ካሉ ሥጋ በል አጥቢዎች ሁሉ ከጠንካሮቹ መካከል ነው። እኛ ከከተማና ከገጠር ዳር የምናውቀው ጅብ የሚሠራውን ሥራ በዚያች ደሴት የሚሠራው እሱ ነው፤ አጥንቱን ሰባብሮ፣ ቆዳውን ከነጸጉሩ፣ የራስ ቅሉን ሳይቀር ይበላል። ጅብና ዴቭል ዝምድና የላቸውም፤ የጋራ ቅድመ አያታቸው ከኖረ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። አጥንት የመስበር ኑሮ ግን ለሁለቱም ወፍራም ጥርስና ሰፊ መንጋጋ ሰጥቷቸዋል። ዴቭል አጋጣሚው ከተመቸው በግማሽ ሰዓት ውስጥ የክብደቱን 40 በመቶ የሚያክል ሥጋ ሊውጥ ይችላል።

ዴቭል ብቸኛ ነው ይባላል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። የሚያድረውም የሚንከራተተውም ብቻውን ነው፤ ሆኖም የአንዱ ክልል ከሌላው ክልል ይደራረባል፣ ጎረቤታሞቹም በጠረን ይተዋወቃሉ። ትልቅ በድን በወደቀበት ሁለትም ሦስትም ከዚያም በላይ ሆነው ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ነው ያ ዝነኛ ጩኸት የሚሰማው፤ ከማጉረምረም ይጀምርና ከፍ እያለ ሄዶ ጆሮ የሚሰነጥቅ ይሆናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማዕድ ላይ ያሉ ዴቭሎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች 20 የሰውነት አቋሞችንና 11 ዓይነት ድምፆችን ለይተው መዝግበዋል። ለማያውቀው ሁከት የሚመስለው ነገር ሥርዓት አለው። ቀድሞ የበላው ይጠግብና ይሸሻል፤ የራበው በጩኸት፣ አፍ በመክፈት፣ ጭራ በማቆም ቦታ ይጠይቃል። አብዛኛው ክርክር ያለ ደም ያልቃል። ሁሉም ግን አይደለም፤ የጎልማሳ ዴቭል ፊት ብዙ ጊዜ በጠባሳ የተዥጎረጎረ ነው።

ቁስሉ በይበልጥ የሚበዛው በመጣመሪያው ወቅት ነው። እሱም ብዙውን ጊዜ ከየካቲት እስከ መጋቢት ባሉት የፈረንጅ ወራት፣ በደቡቡ ክፍለ ዓለም በጋ ሊያልቅ ሲል ነው። ወንዶቹ በሴት ይጣላሉ። ያሸነፈው ሴቷን ማጅራቷን ነክሶ ወደ ጉድጓድ ይወስዳትና ሌላ እንዳይደርስባት ለቀናት ይጠብቃታል። እሷም ዝም ብላ አትገዛም፤ ትነክሰዋለች፤ ባመቻትም ጊዜ አምልጣ ከሌላ ጋር ትጣመራለች። ስለዚህ በአንድ ኪስ ውስጥ ያሉ ግልገሎች አባታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ይህን እንስሳ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጆርጅ ሃሪስ የተባለው የደሴቲቱ ቅኝ ግዛት ቀያሽ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም የእሱን ስም ይዟል። ሃሪስ በ1808 በታተመው መግለጫው ሁለት ዴቭሎችን በባዶ በርሜል ውስጥ አንድ ላይ በሰንሰለት አስሮ እንዳቆያቸውና ያለማቋረጥ ይጣሉ እንደነበር አስፍሯል። ብቻውን መኖር የለመደን እንስሳ ከሌላው ጋር በሰንሰለት አስሮ በርሜል ውስጥ መክተትና ጠበኛ ነው ብሎ መፍረድ ፍትሕ አይደለም። ፍርዱ ግን ጸና። በ1830 ቫን ዲመንስ ላንድ የተባለው የእርሻ ኩባንያ በጎቼን ይፈጃል ብሎ ዴቭል ለገደለ ሰው ገንዘብ መክፈል ጀመረ፤ ለሴቷ ከወንዱ የሚበልጥ ዋጋ ተቆርጦላት ነበር። እስከ 1941 ድረስ በሕግ የሚጠብቀው አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል የተለየ ነገር የተናገረች ሜሪ ግራንት ሮበርትስ የምትባል ሴት ነበረች። በሆባርት ከተማ በመኖሪያዋ ግቢ የእንስሳት ማቆያ አቋቁማ ዴቭሎችን አሳደገች፣ አዋለደችም። በ1915 በለንደኑ የእንስሳት ሳይንስ ማኅበር መጽሔት ባወጣችው ጽሑፍ ስለ እናቶቹ እንክብካቤና ስለ ግልገሎቹ ጨዋታ በዝርዝር ጻፈች። ቀርቦ ያየ ሰው የመሰከረው ከሩቅ ሆኖ ድምፁን ብቻ ከሰማው ይለያል። ሆኖም በ1954 የአሜሪካ የካርቱን ፊልም ሠሪዎች ታዝ የተባለውን እንደ አውሎ ነፋስ የሚሽከረከር ገጸ ባሕርይ ሲፈጥሩ የተከተሉት የበርሜሉን ዴቭል እንጂ የሮበርትስን አልነበረም።

በደሴቲቱ ከዴቭል የሚበልጥ ሥጋ በል ባለኪስ ነበረ። ታይላሲን ወይም የታዝማኒያ ነብር ይባል ነበር፤ እሱም በሽልማት ታደነ፤ የመጨረሻው በሆባርት መካነ አራዊት በመስከረም 1936 ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትልቁ ሥጋ በል ወንበር ለዴቭል ተላለፈ። ታይላሲን ላይ የሆነው ነገር በታዝማኒያውያን ልብ ውስጥ አለ፤ ዴቭሎች መታመማቸው ሲሰማ የተፈጠረው ድንጋጤም ከዚያ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ሳይንቲስቶቹ በሽታውን በቫይረስ ጠረጠሩት። ካንሰር የሚያስከትሉ ቫይረሶች ስላሉ ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ቫይረስ ግን አልተገኘም። መልሱ የመጣው ከክሮሞሶም ነው። የጤነኛ ዴቭል ህዋስ 14 ክሮሞሶም አለው። አን ማሪ ፒርስና ኬት ስዊፍት የተባሉት ተመራማሪዎች ከተለያዩ ዴቭሎች የተወሰዱ 11 እጢዎችን ሲመረምሩ በሁሉም 13 ክሮሞሶም አገኙ፤ አደረጃጀታቸውም የተመሰቃቀለ ነበር፤ ምስቅልቅሉ ግን በሁሉም እጢ ውስጥ አንድ ዓይነት ነበር። የጾታ ክሮሞሶሞቹ እንኳ አልነበሩም። በየእንስሳው ሰውነት ውስጥ ራሱን ችሎ የተነሣ ካንሰር እንዲህ ሊመሳሰል አይችልም። ከዚያም ሌላ ማስረጃ ተጨመረ። ከታመሙት ዴቭሎች አንዱ ከልደቱ ጀምሮ አምስተኛው ክሮሞሶሙ ውስጥ የተገለበጠ ክፍል ነበረው፤ ፊቱ ላይ ያለው እጢ ግን ያ ምልክት የለውም። እጢው የእሱ ሥጋ አልነበረም፤ ከሌላ የመጣ ነው። ሁለቱ ይህንን በ2006 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት አሳተሙ።

የተከታዮቹ ዓመታት ጥናቶች የእጢውን የትውልድ ሐረግ አወጡ። በ2010 ምንጩ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍኑት ሽዋን የሚባሉ ህዋሳት መሆናቸው ታወቀ። በ2012 ሙሉ የዘር መረጃው ሲነበብ ደግሞ ሁሉም እጢዎች ከአንዲት ሴት ዴቭል የመጡ መሆናቸው ተረጋገጠ። በኋላ የተሠራ ስሌት ካንሰሩ በ1980ዎቹ እንደተነሣ ያመለክታል። ያቺ ሴት ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ የሰውነቷ ህዋሳት ግን በሺዎች ፊት ላይ ዛሬም እየተከፋፈሉ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ከሌላ ሰው የተወሰደ ኩላሊት እንኳ ያለ መድኃኒት ሰውነታችን አይቀበለውም፤ ታዲያ የዴቭሉ ሰውነት የባዕድ ህዋስ ፊቱ ላይ ሲበቅል ለምን ዝም ይላል? በመጀመሪያ የተሰጠው ምላሽ ዴቭሎች በዘር በጣም ስለሚቀራረቡ ባዕዱን ከወገን አይለዩም የሚል ነበር። የቆዳ ቅያሬ ሙከራ ሲደረግ ግን የሌላውን ቆዳ ሰውነታቸው አልተቀበለውም፤ ስለዚህ መለየቱን ይለያሉ። በ2013 የተሻለው ማብራሪያ ተገኘ። እያንዳንዱ ህዋስ በገጹ ላይ የማንነት መታወቂያ የሚሆኑ ሞለኪውሎች አሉት፤ የመከላከያ ሠራዊቱ የሚፈትሸው እነሱን ነው። የካንሰሩ ህዋሳት እነዚያን ሞለኪውሎች ከገጻቸው አውርደዋል። ሠራዊቱ የሚፈትሸው ነገር ስለማያገኝ ያልፋቸዋል።

እጢው የሚወጣው በአፍ ውስጥና በፊት ላይ ነው። እያደገ ሲሄድ ጥርስ ይነቅላል፣ ጉሮሮ ይዘጋል። አብዛኞቹ ምልክቱ በታየ በ6 ወር ወይም በዓመት ውስጥ ይሞታሉ፤ ብዙዎቹ በረሃብ። ማን ቀድሞ እንደሚያዝ የተደረገው ክትትል ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። በጥቂቱ የተነከሱት ዴቭሎች ብዙ ከተነከሱት ይልቅ ለበሽታው የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው፦ የማይነከሰው ነካሹ ነው። ኃይለኛው ዴቭል የታመመውን ፊት ሲነክስ እጢውን ወደ አፉ ይቀበላል። ስለዚህ ካንሰሩ ከመንጋው ውስጥ ደካሞቹን ሳይሆን አውራዎቹን፣ በደንብ የሚበሉትንና ብዙ የሚወልዱትን ያስቀድማል። ቁጥራቸው ሲያንስም መተላለፉ አይቆምም፤ ጥቂት ቢሆኑም በመጣመሪያ ወቅት መፈላለጋቸውና መናከሳቸው አይቀርም።

በ2014 ነገሩ ይባስ ከፋ። በደቡብ ምሥራቅ ታዝማኒያ የተገኙ እጢዎች ሲመረመሩ ፈጽሞ ሌላ ካንሰር ሆኑ። ይኼኛው የመነጨው ከአንድ ወንድ ዴቭል ነው፤ ይተላለፋልም። በተፈጥሮ የሚተላለፍ ካንሰር እጅግ ጥቂት ነው። ከሺህ ዓመታት በፊት ተነሥቶ በግንኙነት የሚተላለፈው የውሾች እጢና በአንዳንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመዶች ላይ የሚታየው የደም ካንሰር ይታወቃሉ። አንድ ትንሽ ደሴት ላይ በአንድ የእንስሳ ዝርያ ሁለት ጊዜ መከሰቱ ግን ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ዴቭል ሲያንስ የሚጎድለው ዴቭል ብቻ አይደለም። በሽታው በገባባቸው ቦታዎች ጥንብ ሳይበላ የሚቆይበት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ረዝሟል። ቁራዎች ማዕዱን ወርሰውታል። ሰው ያመጣቸውና ጫካ የገቡት ድመቶች በርክተዋል፤ እነሱ ደግሞ ለትንንሽ ባለኪሶችና ለወፎች ጠንቅ ናቸው።

የታዝማኒያ መንግሥት በ2003 ዴቭሉን የማዳን ፕሮግራም ጀመረ። ጤነኛ እንስሳት ተሰብስበው በመካነ አራዊትና በታጠሩ ስፍራዎች እንዲዋለዱ ተደረገ፤ ዱሩ ባዶ ቢቀር መጠባበቂያ እንዲሆኑ ነው። በ2012 እና በ2013 ደግሞ በሽታው ወደማይደርስባት ማሪያ ደሴት 28 ዴቭሎች ተወሰዱ። እዚያ ተመቻቸው፣ ተባዙ። ግን በዚያች ደሴት 3 ሺህ ጥንድ ያህል ትንንሽ ፔንግዊኖች ይኖሩ ነበር፤ በ2021 የአእዋፍ ጠባቂዎች ሲቆጥሩ አንድም አላገኙም። እንስሳን ከጥፋት ለማዳን ወደማያውቀው ስፍራ መውሰድ በሌላው ላይ የሚያመጣው ዕዳ ይህን ያህል ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ይህ ከባድ ስሕተት ነበር። በ2020 ደግሞ በዋናው ምድር፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ባሪንግተን ቶፕስ በተባለ ስፍራ በታጠረ ጫካ ውስጥ 26 ዴቭሎች ተለቀቁ፤ በቀጣዩ ዓመት ግልገሎች ወለዱ።

ክትባትም እየተሞከረ ነው። ተመራማሪዎቹ ግባቸው በየጫካው በሚጣል የምግብ ማጥመጃ ውስጥ አድርጎ ማዳረስ ነው። ይህ ዘዴ ለእኛ ባዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮም ከ500 በታች አዋቂዎች የቀሩት፣ ከውሾች በሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ የተመታ ብርቅዬ ሥጋ በል ነው፤ ከ2018 ጀምሮም በባሌ ተራሮች በሥጋ ውስጥ የተቀበረ በአፍ የሚወሰድ ክትባት እየተጣለለት ነው። ልዩነቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከፓስተር ዘመን ጀምሮ የታወቀ መሆኑ ነው፤ ሰውነት የራሱ ወገን ከሚመስለው ካንሰር ጋር እንዲዋጋ የሚያስተምር ክትባት መሥራት ግን ገና ያልተሄደበት መንገድ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው ዜና የመጣው ከራሳቸው ከዱር ዴቭሎች ነው። ቀድሞ በሁለት ዓመታቸው ይወልዱ የነበሩት ሴቶች፣ በሽታው በገባባቸው አካባቢዎች ብዙዎቹ በአንድ ዓመታቸው መውለድ ጀምረዋል፤ ረጅም ዕድሜ ስለማይጠብቃቸው ይፈጥናሉ። በ2016 የ294 ዴቭሎችን የዘር መረጃ በማወዳደር የወጣ ጥናት፣ በሽታው ከገባ ከ4 እስከ 6 ትውልድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከመከላከያ ሥርዓትና ከካንሰር ጋር የተያያዙ የዘር ክፍሎች መለወጣቸውን አሳየ። እጢያቸው እየሟሸሸ የጠፋላቸው ጥቂት ዴቭሎችም ተገኝተዋል። ተፈጥሮ ለዚህ ያህል ፍጥነት አትታወቅም፤ የተከፈለው ዋጋ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ነው።

ለዚህ ነው በማቆያ ያደጉ፣ ካንሰሩን አይተው የማያውቁ ዴቭሎችን በብዛት ወደ ዱር መመለስ አይበጅም የሚሉትን ሳይንቲስቶች ሐሳብ የምደግፈው። ከበሽታው የተረፉት ያፈሩትን መቋቋሚያ የእንግዶቹ ዘር ሊያሳሳው ይችላል። መጠባበቂያዎቹ በየማቆያቸው ይቆዩ፤ የዱሮቹ የጀመሩትን ይጨርሱ። ሰው ማድረግ የሚችለው ሌላውን ሞት መቀነስ ነው። ዴቭል በመኪና የተገጨ ዋላቢ ሊበላ መንገድ ላይ ሲወጣ ራሱም ይገጫል። በክሬድል ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ አንድ መንገድ ተሻሽሎ የመኪኖቹ ፍጥነት ሲጨምር፣ በ17 ወር ውስጥ የአካባቢው ዴቭሎች በግማሽ ቀነሱ፤ ምሥራቃዊ ኳል የተባሉት ትንንሽ ዘመዶቻቸውም ከዚያ ስፍራ ጠፉ። ፍጥነት መቀነሻና ማስጠንቀቂያ ሲደረግ ኳሎቹ በወራት ውስጥ መመለስ ጀመሩ።

በታዝማኒያ በሌሊት የሚያሽከረክር ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ የተገጨ እንስሳ ሲያይም ከአስፋልቱ ዳር አርቆ ይጣለው። በሽታው ከገባ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ባለፈባቸው ስፍራዎች፣ መጀመሪያ በታየበት በማውንት ዊሊያምም ሳይቀር፣ ዴቭሎች በቁጥር አንሰው ዛሬም በዱር ይኖራሉ።